አፈሙዙ ወደ ታች

«አንተን ምን ያቅትሃል? ከአሻንጉሊት ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠህ ስትጫወት የምትውል ሰው፣ ዛሬ ደግሞ ከእሷ ጋር እየተጫወትክ ዋል» አሉት አጎቱ አያ ይስማው። ጠዋት ነው። ማሩ የስፌት ቤቱን ቆርቆሮ በር ገና በግማሽ እንደከፈተ ነበር የደረሱበት። ተቀመጡ ቢላቸው እምቢ ብለው፣ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ፣ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቆመው ነገሩት። ቸሬ ሞቷል። የማሩ አክስት የእትዬ ታንጉ አንድ ልጅ፣ ከስድስት ዓመት በፊት ወታደር ቤት የገባው ቸሬ፣ ሞቷል። አብሮት የነበረ ጓደኛው ለፈቃድ ሲመጣ ነግሯቸዋል፤ ወረቀቱም እጃቸው ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አያ ይስማው በእህታቸው ደጅ ሲያልፉ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ጉንፋን የያዘው ሰው መስለው ነው ያለፉት።

አሁን ግን ቀን ተቆርጧል። ነገ ቅዳሜ፣ ጎህ ሲቀድ፣ መርዶው ይነገራል። ከስማዳም ከአርብ ገበያም ዘመድ እየመጣ ነው፤ የንስሐ አባታቸው ቄስ ወልደ ገብርኤልም አውቀው ተዘጋጅተዋል። እስከዚያ እትዬ ታንጉ አንዲት ነገር እንዳይሰሙ የሚጠብቃቸው ማሩ ነው፤ ክፍላቸው ከስፌት ቤቱ ጓሮ ናት፣ ቀኑን የሚውሉትም እሱ ዘንድ ነው። ለምን እንደሚደበቅ ማስረዳት አላስፈለገም። የዛሬ ሁለት ዓመት እዚሁ መካነ ኢየሱስ ወለተ ሚካኤል የምትባል ጎረቤታቸው የወንድሟን ሞት ለብቻዋ በስልክ ሰምታ፣ ስልኩን እንደያዘች ወደ ገደሉ ሮጣ፣ በሦስተኛው ቀን ነው የተገኘችው። መርዶ እጅ የሚይዝ፣ ወገብ የሚያቅፍ ሰው በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገር። የእትዬ ታንጉ ልብ ደግሞ እንደ ድሮው አይደለም፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤታቸው ሦስት ጊዜ ያርፋሉ።

አያ ይስማው ትእዛዛቸውን እዚያው እንደቆሙ አወረዱት። የማሩ ሚስት ራሄል የንፍሮውን ባቄላና ስንዴ ዛሬውኑ ትልቀም፤ ዓርብ ስለሆነ ለጾሙ ነው ቢሏቸው ያምናሉ። ቸሬ ከትምህርት ቤት መታወቂያው ላይ ካለችው በቀር ፎቶ የለውም፤ እሷን ደብረ ታቦር ልከው አሳድገው አሳጥበዋል። ጠመንጃ ያለው ዘመድ ሁሉ አፈሙዙን ወደ ታች ዘቅዝቆ ይግባ፤ ሬሳው አልመጣም ተብሎ የለቅሶ ወግ ሊቀርበት አይገባም። ማሩ ይህን ሁሉ በገዛ ጆሮው ሰማ፤ ለሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አጎቱ ሲወጡ ዞር ብለው፣ አፍህን ብትዘጋም ፊትህ እንዳይናገርብህ አሉት። ከዚያ በኋላ ለብቻው ሲቀር ማልቀስ ፈልጎ ነበር፤ ግን ፊቱ እንዳያብጥ ፈርቶ የስፌት መኪናውን ዘይት መቀባት ጀመረ።

አሻንጉሊት ሲባል ማሩን ያመዋል። ከስፌት መኪናው በላይ፣ በመስተዋት በተዘጋ መደርደሪያ፣ ዘጠኝ ወታደሮች ቆመዋል፤ እያንዳንዳቸው ስንዝር ተኩል ይሆናሉ። ልጅ በገመድ አስሮ የሚጎትተው ዓይነት አይደሉም። ጉልበታቸውም ክርናቸውም ይታጠፋል፤ የከስክስ ጫማቸው ክር ይፈታል፣ ይታሰራል፤ የሸሚዛቸው ቁልፍ ከምስር ያነሰ ሆኖ በደንብ በተዘመዘመ ቀዳዳ ያልፋል። ማሩ በሃያ ዓመት የስፌት ዘመኑ እንዲህ ያለ የቁልፍ ቀዳዳ ሰፍቶ አያውቅም፤ የሰፋውን ሰው ግን ሳያየው ያከብረዋል። የመጀመሪያውን የሰጠው መንገድ ሊሠራ የመጣ ቻይናዊ መሐንዲስ ነበር፤ ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ፣ ማሩ የኪሱን ጠርዝ ሳይጠየቅ አበጅቶ ቢሰጠው ደስ ብሎት በማግሥቱ ያን ይዞለት መጣ። የቀሩትን የላከችለት ሻርጃ ያለችው እህቱ መዓዛ ናት፤ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ እየፈለገች፣ በዓመት አንድ፣ ሲቀናት ሁለት። ራሄል ይህን ነገር ይቅር ብላ አታውቅም። የሰው እህት ፍሪጅ ትልካለች፣ የኛዋ ጦር ትልካለች ትላለች። ከተማው ደግሞ «ጄኔራሉ» ይለዋል። ጄኔራሉ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሊመዘገብ ሄዶ በሁለት ጣት ቁመት አንሶ የተመለሰ ሰው ነው፤ ስሙን ያወጡለትም ይህን አውቀው ነው።

ቸሬ ግን አላነሰም። የሄደ ቀን ከዚሁ ስፌት ቤት በር መቃን ጋር ተለክቶ ማሩን አንድ ጋት ያህል በልጦት ነበር። የለካው ራሱ ማሩ ነው፣ በስፌት ሜትሩ። ለምዝገባው ሱሪውን የተኮሰለትም፣ ያንተ ቁመት ቢኖረኝ አንድ ቀን አላድርም ያለውም እሱ ነው። የእርሳሱ ምልክት አሁንም መቃኑ ላይ አለ። ማሩ ዛሬ ወደ ደጅ በወጣ በገባ ቁጥር ያን መቃን ላለማየት አንገቱን ወደ ሌላ ያዞራል፤ እንደዚያም ሆኖ ምልክቱ የት ላይ እንዳለ ትከሻው ያውቀዋል።

ረፋዱ ላይ እትዬ ታንጉ በጓሮው በር ገቡ። «ልጆቹ እንዴት አደሩ?» አሉ እንደ ወትሯቸው፣ ወደ መደርደሪያው እያዩ። አሻንጉሊት የማይሏቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ማሩን እናቱ ከሞተች ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ሲሆኑ፣ መጀመሪያ ላይ እንደ ሰው ሁሉ ያፌዙበት ነበር። ቸሬ በሄደ በሁለተኛው ወር ግን አንድ ቀን ዱካቸውን አስጠግተው ተቀመጡና፣ ይህ ጎኑ ላይ የተንጠለጠለው ምንድን ነው ብለው ጠየቁ። ኮዳ ነው አላቸው። ያችስ? የቁስል ማሰሪያ መያዣ። «ቸሬም አለው?» ማሩ ወታደር ቤት ምን እንደሚታደል በምን አውቆ? «አለው» አለ። ከዚያ ወዲህ ይኸው ስድስት ዓመት፣ ጓንቱም፣ የእጅ ባትሪውም፣ የክረምት ካልሲውም በየተራ ተጠይቆ ቸሬ ሁሉም አለው። ልጃቸው ምን ለብሶ፣ ምን ታጥቆ እንደሚውል የሚያውቁት ከዚህ መደርደሪያ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አቧራቸውን የሚያራግፉላቸውም እሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። ቸሬ ባለፈው ነሐሴ ሲደውል፣ እዚህ ዝናቡ አይጣል ነው ብሎ ሌላ ነገር ሳይጨምር መስመሩ ተቋረጠ፤ ከዚያ በኋላ አልደወለም። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ደረቱን ብርድ ይመታዋል። የዝናብ ልብስ አለው ወይ ብለው ጠየቁ፤ ማሩም አለው አለ። እትዬ ታንጉ ግን ዘጠኙን ሁሉ አንድ በአንድ አገላብጠው አዩና፣ እስቲ አሳየኛ አሉት። የሚያሳየው አልነበረውም። መስከረም ላይ ለመዓዛ ደውሎ፣ የዝናብ ልብስ የለበሰ ፈልጊልኝ፣ ሌላ ምንም አልፈልግም አላት። ይኸው አምስት ወሩ፤ ሰማዩም ጠርቶ የካቲት ገብቷል።

ዛሬ እትዬ ታንጉ ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ጥጥ ሲባዝቱ ማሩ ወሬ አበዛ። የጤፍ ዋጋ አነሣ፤ ከጎረቤት የጠፋች ዶሮ አነሣ፤ አስቆ የማያውቅ ቀልድ ተናግሮ ለብቻው ሳቀ። አፉ ሲፈጥን እጁ ይሳሳታል፤ የሚሰፋው የተማሪ ዩኒፎርም ነበርና የግራውን እጅጌ ቀኝ ላይ ገጠመው። እትዬ ታንጉ አይተው ተቀበሉት፤ መርፌ አንሥተው ስፌቱን እየፈቱለት፣ ዛሬ ምን ነካህ አሉት። እንቅልፍ አጥቼ ነው አለ። ራሄልስ ምነው ዓይኗ ቀላ? ሽንኩርት ስትልጥ ነው አለ። እትዬ ታንጉ በጓሮው በር አጮልቀው አዩ። ራሄል በሰፌድ ባቄላ ትለቅማለች፣ ሽንኩርት የሚባል ነገር አጠገቧ የለም። ወደ እጅጌው ተመለሱ። ማሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ የበራውን የሬዲዮ ድምፅ ቀነሰ፣ መልሶ ጨመረ፤ ደጅ ወጥቶ የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ አየ፤ ገባ። ሰዓቱ አራት ተኩል እንኳ አልሞላም።

ያን ጊዜ ነው ስልኩ የጮኸው። ታፈረ ነው፣ የደብረ ታቦሩ ሚኒባስ ሹፌር። ጄኔራል፣ ወታደርህን ጭኜልህ መጥቻለሁ፣ ና ውሰድልኝ፣ ኬላ ላይ ካርቶኑን ፈትተው መሳቂያ አድርገውኛል አለው። የማሩ ልብ ዘለለ። እውነቱን መናገር ይሻላል፤ ቸሬ በሞተበት፣ መርዶው ባልተነገረበት ቀን፣ ልቡ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ወዲያው አፈረ፤ ግን እግሩ ቀድሞ ጓሮ ደርሶ ነበር። ራሄልን ግማሽ ሰዓት ብቻ አላት። ራሄል ከባቄላው ቀና ብላ አየችው፤ ዓይኗ ያለው ነገር ብዙ ነበር፣ አፏ ግን አንድ ቃል ብቻ አወጣ። «ዛሬ?» ለእሳቸው ብዬ ያስመጣሁት ነው አላት፤ ይህ እውነት ነው፤ ግን ወደ መነኻሪያ የሮጠው ለእሳቸው ሲል እንዳልሆነ እሱም ራሄልም ያውቁታል።

ታፈረ ታሪኩን ሳይጨርስ አልለቅ አለው። አንዱ ፈታሽ ወታደሩን አውጥቶ ለጓደኞቹ አሳይቷል፤ ሌላው ተረከዙን አጋጭቶ ሰላምታ ሰጥቶታል፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ከብቦ አይቷል፤ ኋላም አመስግነው መልሰው አሽገውታል። ሻይ ልጋብዝህ አለው። ማሩ በአንድ እጁ ካርቶኑን ታቅፎ በሌላው ታፈረን እየገፋ ተሰናበተ። ሲመለስ እየሮጠ ነበር፤ ሲገባ ግን ዱካው ባዶ ነው። ጥጡ መሬት ላይ ቀርቷል። ራሄል ከጓሮ መጥታ፣ ጨው ልግዛ ብለው ወጡ፣ ልሂድልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ፣ እጃቸውን ልይዝ ነው እንዴ አለችው። ማሩ ካርቶኑን እንደታቀፈ በር ላይ ቆሞ የመንገዱን ላይና ታች እያየ ወለተ ሚካኤልን አሰበ። ራሱን ረገመ። ግማሽ ሰዓት ስል ሰው ገደልኩ አለ በልቡ።

እትዬ ታንጉ ግን ቀስ እያሉ፣ ጨዋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ። ገብተው ተቀመጡ። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከጠበቁ በኋላ ነው የተናገሩት።

«ደሴን አየሁት።»

ደሴ የቸሬ የክርስትና አባት ነው፤ አርብ ገበያ ላይ በርበሬ ይነግዳል። አርብ ገበያ እንደ ስሟ የምትቆመው በዓርብ ነው፤ ደሴም በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ዓርብ የቀረው ሚስቱን የቀበረ ዕለት ነው ይባላል። እትዬ ታንጉ ከማዶ አይተውት ተጣርተው ነበር፤ እሱ ግን አንገቱን ሰብሮ ወደ ቅያሱ ገባ። «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» አሉ። ማሩ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ይኖረው ይሆናል አለ። እትዬ ታንጉ ቀና ብለው፣ ሰላም ሳይለኝ አሉ። አላየዎትም ይሆናል አለ። አየኝ አሉ።  ከጓሮ የራሄል ባቄላ ወደ ሳፋው ሲወርድ ይሰማል። ማሩ ያን ድምፅ ሊሸከመው አልቻለም፤ የመጣለትን ያዘ።

ይልቅ ይህን ይዩ ብሎ ካርቶኑን የስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ፤ ለእርስዎ ነው ያስመጣሁት አለ። ማሸጊያውን በመቀስ ሲከፍት እጁ ረጋ። ቀኑን ሙሉ ያልረጋው እጅ፣ እዚያ ላይ ረጋ። ወታደሩ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ቅጠልያ የዝናብ ልብስ ለብሷል፤ ቆቡ ከራሱ ጋር የተሰፋ፣ አንገቱ ላይ በቀጭን ክር የሚሳብ ነው። ማሩ ክሩን ሳበው፤ ተሰበሰበ። ስፌቱን ገልብጦ አየው፤ ውሃ እንዳያስገባ ከውስጥ በኩል ሁለተኛ ተደርቦ ተዘምዝሟል። ጫማው ላይ ጭቃ ተቀብቷል፤ ጭቃው ከተረከዙ ወፈር፣ ከጣቱ ሳሳ ያለ ነው፣ ልክ ዳገት እንደወጣ ሰው። ማሩ ይህን እያሳየ፣ እያስረዳ፣ ሁለት ደቂቃ ይሁን ሦስት ቸሬ መሞቱን ረሳው። ኋላ ላይ ከሁሉ ይልቅ የቆጨው ይህ ነው።

እትዬ ታንጉ ጨዋቸውን ወደ ጎን አድርገው ቀረብ አሉ። የዝናብ ልብሱን በሁለት ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ የማሩ መተኮሻ አጠገብ ካለው የውሃ ጣሳ ጣታቸውን ነክረው አንዲት ጠብታ ወታደሩ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉ። ጠብታዋ ድቡልቡል ብላ ቆየች፣ ቁልቁል ተንከባለለች፣ ጠረጴዛው ላይ ወረደች። የነካችውን ቦታ በጣታቸው ሞከሩት፤ ደረቅ ነው። «አያስገባም» አሉ፤ ፊታቸው በራ። ማሩ ያን ፊት ሲያይ አምስት ወሩም፣ የራሄል ግልምጫም፣ ሁሉም የተካሰለት መሰለው። ጠብታዋን ተከትሎ የወረደው ዓይናቸው ግን ከወታደሩ ጀርባ ላይ ቆመ፤ ከዝናብ ልብሱ ሥር ብቅ ያለው የጠመንጃው አፈሙዝ መሬቱን ያያል። እጃቸው ሸሸ።

«ይህን ማነው የዘቀዘቀው?»

ማሩ አይቶት ነበር። አይቶት፣ ሠሪዎቹ እንዲህ ያለ ነገር እንኳ አልዘለሉም ብሎ ተደንቆበት ነበር። ጠዋት አጎቱ ያዘዙትን ያው ጆሮው ሰምቶ፣ ያው ዓይኑ ይህን ሲያይ፣ ሁለቱን አላገናኛቸውም። አሁን ገባው። ዝናብ ወደ አፈሙዙ እንዳይገባ ነው፣ በዝናብ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያነግቱት አለ። ካርቶኑን አንሥቶ ላዩ ላይ ያለውን ሥዕል አሳየ፤ ሥዕሉም እንደዚያው ነው፣ ቁልቁል። ሲመጣም እንዲህ ነው፣ እኔ አልነካሁትም አለ። ቀኑን ሙሉ ለጥያቄያቸው ከመለሰው እውነት የሆነው ይህ ብቻ ነበር፤ ድምፁ የተንቀጠቀጠውም በዚሁ ላይ ነው። እትዬ ታንጉ ሥዕሉን ወስደው ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። እውነትህን ነው አሉ። ካርቶኑን መለሱለት።

«እንግዲያው አቅናው። እዚህ ቤት ውስጥ ዝናብ የለም።»

ማሩ ወታደሩን አነሣ። ማንገቻውን በትከሻው አሳልፎ ማውጣት፣ ጠመንጃውን አዙሮ መልሶ ማንገት ነው፤ ሥራው ይኸው ነው። ስንቱን ወታደር ስንት ጊዜ አስታጥቆ አስፈትቷል፤ በመርፌ ቀዳዳ ክር ለማስገባት ዓይኑን የማያጠብ ሰው ነው። ጣቱ ማንገቻውን ያዘ፤ እዚያው ቀረ። በአፉ ከጠዋት ጀምሮ ሲዋሽ ውሏል፤ እንቅልፍ አጥቼ፣ ሽንኩርት ነው፣ ፍርድ ቤት ነው ብሏል። አፈሙዙን ወደ ላይ ቢያቀናው ግን ልጅዎ አለ ብሎ በእጁ መናገሩ ነው፤ ነገ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ይህችን እጅ ያስታውሷታል። እትዬ ታንጉ ይጠብቃሉ። ዓይናቸው ከጣቱ አልተነሣም። ማሩ ወታደሩን እንደነበረ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መልሶ አቆመው።

ወዲያው ብድግ ብሎ የእትዬ ታንጉን እጅ ያዘ። በግራና በቀኝ ይያዛሉ የተባሉትን ሴት ለብቻው፣ በአንድ አንጓ ብቻ ይዞ፣ በሩን በጀርባው ከልሎ ቆመ። ራሄልን ሊጣራ አፉን ከፈተ።

«አልሮጥም» አሉት። «ተቀመጥ፣ ማሩዬ።»

ተቀመጠ፤ አንጓቸውን ግን አልለቀቀም። ከጣቱ ሥር ደም ሥራቸው እንደ ወፍ ልብ ይመታል። ነገ ነው ወይ ብለው ጠየቁት፤ ነገ ነው አለ፣ ጎህ ሲቀድ። ማን ይነግረኛል አሉ፤ ቄስ ወልደ ገብርኤል አለ። ጥሩ፣ እሳቸው ይችሉበታል አሉ። እንባቸው ያለ ድምፅ መጣ፤ አልጠረጉትም፤ በአፋቸው ዙሪያ ባለው መስመር ወርዶ አገጫቸው ላይ ተጠራቀመ። ማሩም ጠዋት ያስቀረውን ለቅሶ አሁን ሊያስቀረው አልቻለም፤ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።  ከዚያ እትዬ ታንጉ ጣታቸውን ዘርግተው የወታደሩን የዝናብ ልብስ ጫፍ ነኩ።

«ይህ ነበረው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚህ ጥያቄ መልሱ አንድ ነበር። ማሩ አፉ ላይ መጣለት፤ ዋጠው።

«አላውቅም፣ እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህንንም እንደ እውነት ተቀበሉት። ጥቂት ቆይተው እጃቸውን ከእጁ አስለቅቀው ፊታቸውን በነጠላቸው ጠረጉና፣ አንተ አልነገርከኝም፣ እኔም አልሰማሁም አሉት። ከስማዳ ድረስ የሚመጣ ዘመድ፣ ገበያውን ጥሎ የመጣ ደሴ፣ ልፋታቸው ከንቱ አይሁን፤ ይስማውም ይከፋዋል። ነገ ሲነግሩኝ እሰማለሁ አሉ። ከዚያ ወታደሩን አንሥተው፣ ይህ ለኔ ብለህ ያስመጣኸው ነው አይደል፣ ዛሬ እኔ ዘንድ ይደር ብለው ነጠላቸው ውስጥ አስገቡት። በጓሮው በር ሲወጡ አፈሙዙ ከነጠላው ሥር ብቅ ብሎ፣ ወደ ታች እንዳየ፣ አብሯቸው ሄደ።

ማሩ የሆነውን ለራሄል ሊነግራት ነበር፤ ግን አልሰማሁም ያሉትን ሴት ሰምተዋል ብሎ እንዴት ይናገራል? ልቡ አልረጋ ብሎት በበሩ ስንጥቅ አየ። እትዬ ታንጉ ወታደሩን ክፍላቸው አስቀምጠው ወጥተው፣ ከራሄል አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት። ይህ ለብዙ ሰው ነው፣ ብቻሽን አትችይውም አሏት። ራሄል ደንግጣ፣ የጾሙ ነው፣ ጎረቤትም ይቀምሳል ብዬ ነው አለች፤ እሳቸውም አዎ፣ ጎረቤት ይቀምሳል አሉ። የተነቀዘውን ወዲያ፣ ደህናውን ወዲህ እያደረጉ የልጃቸውን ንፍሮ እስከ አሥር ሰዓት ለቀሙ። አንዲት ጠጠር እንኳ አላሳለፉም። ማሩ ወደ መኪናው ተመልሶ የተፈታውን እጅጌ በትክክለኛው ጎን ሰፋው፤ ሌላም ሰፋ፤ ስንት እንደሰፋ አያውቅም። ደጋግሞ እየተነሣ በስንጥቁ ያይ ነበር፤ ባየ ቁጥር እዚያው ናቸው።

ፀሐይ ልትገባ ስትል እትዬ ታንጉ ወደ ክፍላቸው ገቡ። ራሄል ተከትላቸው፣ ራስ ምታት ብጤ አሞኝ ነው፣ እርስዎ ዘንድ ልደር ብላ እዚያው ቀረች፤ ይህም የአያ ይስማው ትእዛዝ ነው። ትንሽ ቆይቶ አያ ይስማው ራሳቸው መጡ። በሩን ገፋ አድርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰማች ወይ ብለው ጠየቁ። ማሩ ቀና ብሎ አያቸው።

«አልሰሙም» አለ።

አያ ይስማው እፎይ አሉ። እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አድርገው፣ ለካ አንተም ሰው ነህ አሉት፤ ይህን ከአፋቸው ለመስማት ማሩ ሃያ ዓመት ጠብቋል፤ ሲሰማው ግን ምንም አልመሰለው። አጎቱ ስለ ነገው ሊናገሩ ጀመሩ፤ ደሴና የአርብ ገበያ ሰዎች የት እንዳረፉ፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚይዛት። መሐል ላይ ቆም አሉ። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከእትዬ ታንጉ ክፍል፣ የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማል። ቀስ እያለ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እንግዳ የሚቀበል ቤት እንደሚጠረገው ይጠረጋል። ሁለቱንም ልጆች፣ ማሩንም ቸሬንም፣ ፀሐይ ከገባ በኋላ መጥረጊያ ሲያነሡ እጃቸውን መትተው ያሳደጉ ሴት ናቸው።

«ማነው በዚህ ሰዓት ቤት የሚጠርገው?» አሉ አያ ይስማው።

ማሩ ዓይኑን ከመኪናው መርፌ ላይ አላነሣም። አያ ይስማው ጥቂት አዳመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።